ወይን በወይና ደጋ፦ ለጓሯችን የሚሆነውና የማይሆነው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በመቱ ከተማ የቀረበ ንግግር)





እኔ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ በልማት ሠራተኛነት የማገለግል ነኝ። ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ መስጠት ከኅብረት ሥራ መርሆዎች አንዱ በመሆኑ በዚህ የደስታ ቀን ለሥልጠናም ሰዓት በመመደቡ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ የጓሮ ወይን ልማት ነው። ከመቱ፣ ከሁሩሙ፣ ከጎሬና ከያዮ አካባቢ አባላት ደጋግመው የሚያነሱት ጉዳይ ስለሆነ የተመረጠ ርዕስ ነው። ጥያቄው ሁለት መልክ አለው። አንዱ፣ "ወይን ተክዬ ቅጠል እንጂ ፍሬ አላየሁም፤ ምን ይሻለኛል?" የሚል ነው። ሌላው ደግሞ፣ "የቡና ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ከምጨነቅ ጥቂት ቡና ነቅዬ ወይን ብተክል ያዋጣኛል ወይ?" የሚል ነው።

የሁለተኛውን መልስ ሳልዞር ከወዲሁ ልናገር። ለወይን ሲባል ቡና መንቀል አያዋጣም። በእኛ አካባቢ ወይን የአጥር ጥግ፣ የቤት ግድግዳ፣ የደጃፍ ዳስ ተክል ነው። ቡናና እንሰት የያዙትን መሬት አይሻማም፤ መሻማትም የለበትም። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ጥሩ መልስ አለው። ከዚህ በታች የማቀርበውም በአብዛኛው ስለዚያ ነው።

ከፍታው ይስማማል፤ ፈተናው ዝናቡ ነው

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው ሲከፍሉ መካከለኛውን በወይን ስም ጠርተውታል። ወይና ደጋ የሚባለው ከባሕር ወለል በላይ በግምት ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለው አገር ነው። መቱ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጎሬና ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ውስጥ ያለችው በደሌ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ናቸው። ስለዚህ በስምም በከፍታም የወይን አገር ነን ማለት ይቻላል።

በአገራችን የወይን ልማት አዲስ ነገር አይደለም። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ሲሆን ለፋብሪካው የሚሆን ወይን በአርሲ መርቲ ጀጁ ሲለማ ኖሯል። በቅርቡ ደግሞ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዝዋይ፣ በአሁኑ ስሟ ባቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከፈረንሳይ ባስመጣው ተክል ልማት ጀምሮ በ2014 የመጀመሪያውን የወይን ጠጅ ለገበያ አቅርቧል። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ናት። ከመቱ ጋር እኩል ናት ማለት ነው።

እንግዲህ ከፍታው አንድ ከሆነ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ልዩነቱ ዝናቡ ላይ ነው። የባቱ ዓመታዊ ዝናብ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ በጎሬ ደግሞ ከዚያም በእጅጉ ይጨምራል። ዝናባችን ከመጋቢትና ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ወይን ደግሞ ቅጠሉና ዘለላው ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ከቆየ የፈንገስ በሽታ ሲሳይ ይሆናል። ብዙ ሰው፣ "አገራችን ቀዝቃዛ ስለሆነ ወይን አይሆንም" ሲል እንሰማለን። የጎሬና የበደሌ የሌሊት ቅዝቃዜ መብሰሉን ያዘገየዋል እንጂ ተክሉን አይጎዳውም። የእኛ ጠላት እርጥበት ነው። ይህን ከተረዳን ሥራው በግማሽ ቀለለ።

ክረምት የሌለው ተክል

በቀዝቃዛ አገሮች ክረምት ማለት በረዶ ነው። ወይን በዚያ ጊዜ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በሰሜን ቻይና ገበሬው በረዶው ሐረጉን እንዳይገድልበት ሐረጉን አጋድሞ አፈር ያለብሰዋል፤ በጸደይ መልሶ ያወጣዋል። ተክሉ እንዲህ ተኝቶ ሲነቃ አዳዲስ ቀንበጦቹ ዘለላ ይዘው ይወጣሉ።

ለእኛ ክረምት ማለት ዝናብ ነው። የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ ወይናችን ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ላይ ቅጠል እየደረበ አጥር ላይ ይሳባል። ስለዚህ ብርዱ የሚሠራውን ሥራ ሰው በመቀስ መሥራት አለበት። ወይን እንዲያፈራ የሚያደርገው መገረዙ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት ነው። እዚያም እንደ እኛ ክረምቱ ዝናብ ነው። የናሺክ አካባቢ ገበሬዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ይገርዛሉ። የመጀመሪያው ገረዛ ከምርት በኋላ በሚያዝያ አካባቢ የሚደረግ ሲሆን ዓላማው ጠንካራ ሐረግ ማሳደግ ነው። ሁለተኛው ዝናቡ ሲያበቃ በጥቅምት አካባቢ የሚደረግ ሲሆን ዓላማው ፍሬ ማግኘት ነው። ዘለላው በበጋ ያድጋል፤ በየካቲትና በመጋቢት ገደማ በፀሐይ ይለቀማል። እነዚህ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው እ.ኤ.አ. በ1991 ማሃግሬፕስ የተባለውን የጋራ ድርጅት አቋቁመው የሚበላ ወይን ወደ አውሮፓ ልከዋል። እኛ ወደ ውጭ እንላክ ማለቴ አይደለም። የምንቀዳው የገረዛ ወቅታቸውን ነው።

"ይህ ተክል ወንድ ነው ወይ?"

በሁሩሙ በኩል ባለች አንዲት ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት እናት የማኅበራችን አባል ናቸው። ከቡና ትርፍ ክፍፍል ባገኙት ገንዘብ ከአንድ ተዘዋዋሪ ነጋዴ አሥር የወይን ችግኝ ገዙ። ነጋዴው በሁለተኛው ዓመት ዘለላ እንደሚሸጡ ነግሯቸው ነበር። ለቦታ ብለው ከቤታቸው በስተጀርባ ያለውን ያረጀ ቡና አስነቀሉ። ሦስት ዓመት ጠበቁ። ወይኑ ወንዛው ላይ ሳይቀር ወጣ፤ ፍሬ ግን አልሰጠም። እኔን ሲያገኙኝ፣ "ልጄ፣ እንደ ፓፓያው ይህም ወንድ ነው መሰለኝ። ልቁረጠውና ልገላገል?" አሉኝ።

ለልማት የሚውለው ወይን አብዛኛው በአንድ አበባ ላይ ወንዴና ሴቴ ክፍል ያለው ነው። የእሳቸው ችግር ፆታ አልነበረም። ወይን የሚያፈራው ባለፈው ወቅት ባደገ ሐረግ ላይ ካለ ዓይን በሚወጣ አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ያረጀው ግንድ አያፈራም። ሐረጉ ካልተገረዘ ጉልበቱ በመቶ ቀንበጥ ይበታተንና ሁሉም ቅጠል ብቻ ይሆናል። ጥላ ሲጨመርበት ደግሞ ዓይኑ ውስጥ የፍሬ ጅማሬ ሳይያዝ ይቀራል።

ከመስቀል በኋላ እኔና ጎረቤቶቻቸው በደቦ ገረዝንላቸው። በየካቲት በፀሐይ በኩል ያሉት ዘለላ ያዙ። በወንዛው ጥላ ሥር ያሉት ግን አልያዙም። እናታችን ያንን ዓመት ወይን ቀምሰዋል። የተነቀለው ቡና ግን ተመልሶ ለመልቀም ቢያንስ ሦስትና አራት ዓመት ይጠይቃል። ገንዘቡን የወሰደው ነጋዴ ስለ ገረዛ አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ክቡራን ኃላፊዎች፣ ዕውቀት ከችግኙ ጋር አብሮ ካልመጣ የሚጎዳው እንዲህ ያለው አባል ነው።

አተካከል

ቡና አብቃይ ለሆነ አባል የወይን ሥራ እንግዳ አይሆንበትም። ጉንደላ የምታውቁ፣ ችግኝ በፕላስቲክ ከረጢት ያሳደጋችሁ ናችሁ።

ቦታው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ነፋስ የሚያልፍበትና ውኃ የማይተኛበት ይሁን። ከቡና የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ቡና ጥላ ይወዳል፣ ወይን ጥላ አይወድም። የቆርቆሮ ክዳን ከግድግዳው ወጣ ያለበት ቤት ካለ ጥሩ ነው፤ ቅጠሉን ከዝናብ ይከልልለታል። የክዳኑ ጠፈጠፍ ግን ተክሉ ላይ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ።

ጉድጓዱ ርዝመቱም ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛው አፈር በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ይመለስ። የቡና ገለፈት ብስባሽ በእጃችን ያለ ሀብት ነው። ፍግ ግን አይብዛ፤ ከበዛ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። በተክልና በተክል መካከል ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይተው።

ችግኙ የሚዘጋጀው ከዘር አይደለም። በገረዛ ወቅት ከሚወርደው የእርሳስ ውፍረት ካለው ጤነኛ ሐረግ ነው። ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለው፣ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ይወሰዳል። ሁለቱ ዓይኖች አፈር ውስጥ ይገባሉ። የታችኛው ጫፍ ከዓይን ሥር ቀጥ ብሎ፣ የላይኛው ጫፍ ሰያፍ ሆኖ ይቆረጥ። እንዲህ ከሆነ የትኛው ወገን ላይ እንደሆነ አይምታታም። በጥቅምት በችግኝ ጣቢያ የተተከለ ቁራጭ በግንቦትና በሰኔ ወደ ጓሮ ለመዛወር ይደርሳል።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠንካራ ቀንበጥ ብቻ ተመርጦ በእንጨት ይደገፍ፤ ሌላው ይወገድ። በሁለተኛው ዓመት ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ክንድ ይያዝ፤ ወይም ዳስ ላይ ይዘርጋ። ከፍ ማለቱ ጥቅም አለው፤ ዝናብ ከመሬት የሚረጨው ጭቃ ቅጠሉን አያገኘውም። ፍሬ በሦስተኛው ዓመት ይጠበቃል። በሁለተኛው ዓመት ትሸጣላችሁ የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

የዓመቱ የሥራ ቅደም ተከተል

መጋቢትና ሚያዝያ፦ ምርት ከተነሣ በኋላ ሐረጉ አጥሮ ይቆረጣል። በዝናቡ የሚያድገው አዲስ ሐረግ የሚቀጥለው ዓመት የፍሬ እናት ነው።

ከግንቦት እስከ ነሐሴ፦ የተጨናነቀ ቀንበጥ ይሳሳል፤ የወደቀ ቅጠል ተለቅሞ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። አረም ከሥሩ ይጠራል።

ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ፦ ይህ የፍሬ ገረዛ ነው። በየክንዱ ላይ ያሉት ሐረጎች ሁለት ሁለት ዓይን ብቻ ቀርቶላቸው ይቆረጣሉ። አባሉ እጁ የሚፈራው እዚህ ላይ ነው፤ የለማውን ሁሉ ያጠፋ ይመስለዋል። አይፍሩ። ከገረዛ እስከ ለቀማ አምስት ወር ገደማ ይፈጃል። ገረዛው ወደ ኅዳር ከተገፋ ፍሬው የሚበስለው በሚያዝያ ዝናብ ነው፤ ይፈነዳል፣ ይሻግታል።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ አበባና የፍሬ መያዣ ጊዜ ነው። በአንድ ቀንበጥ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ዘለላ በላይ አይተው። በጥር ዘለላውን የሸፈኑት ጥቂት ቅጠሎች ይነሡ፤ ነፋስ ያግኘው። አፈሩ ከደረቀ በሳምንት አንድ ጊዜ ይጠጣ፤ ፍሬው መቅላት ወይም መለስለስ ሲጀምር ውኃው ይቀነስ።

የካቲት፦ ለቀማ ነው። ወይን እንደ ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። ፍሬውን ቀምሰው፣ ውስጡ ያለው ዘር ቡናማ መሆኑን አይተው ይልቀሙ። ወፍ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ዘለላውን በመረብ ወይም በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑ።

በሽታን ስለ መከላከል

ሁለት በሽታዎችን ለይተን እንወቅ። አንዱ በቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ በሥሩ ደግሞ ነጭ ሻጋታ የሚያሳየው ሲሆን በዝናብ ይብሳል። ሌላው ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ነው፤ ይህ በደረቅ ወቅትም ይመጣል።

ለመጀመሪያው የቆየው መድኃኒት የቦርዶ ድብልቅ ነው። አመጣጡ ይገርማል። በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ገበሬዎች መንገደኛ ወይናቸውን እንዳይበላባቸው በመንገድ ዳር ባሉት ተክሎች ላይ ኮፐር ሰልፌትና ኖራ ይረጩ ነበር። ሚላርዴ የተባለ ምሁር በሽታው አገሩን ሲያጠፋ የመንገድ ዳሮቹ ብቻ ቅጠላቸው እንዳልረገፈ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1885 ለዓለም አሳወቀ። ለጓሮ የሚሆነው መጠን 100 ግራም ኮፐር ሰልፌትና 100 ግራም የጠፋ ኖራ ለ10 ሊትር ውኃ ነው። በፕላስቲክ ዕቃ ለየብቻ ሟሙተው የመዳብ ውኃው በኖራው ውኃ ላይ ይፈሳል፤ የብረት ዕቃ አይሆንም። በዚያው ቀን ይረጫል። አዲሱ ቅጠል ሲዘረጋና ከአበባ በፊት ይረጩ፤ በዝናቡም ወራት እንደ አስፈላጊነቱ ይደገም። ከለቀማ በፊት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይቁም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አይዘንጉ። ለዱቄት መሰሉ በሽታ ድኝ ያገለግላል።

የተባይ ማጥፊያ ግን በጓሮ ወይን ላይ እንዳትረጩ አደራ እላለሁ። አገራችን የማር አገር ናት፤ ንቦቻችንን እናጣለን።

የዝርያም ምርጫ መድኃኒት ነው። ለወይን ጠጅ ስማቸው የገነነው የአውሮፓ ዝርያዎች ለእርጥበት ደካማ ናቸው። ኢዛቤላን የመሰሉ ከአሜሪካ ወይን ጋር የተዳቀሉ ዝርያዎች በእርጥብ ሞቃታማ አገሮች የተለመዱትና የተሻለ የሚቋቋሙት ናቸው። ለጎሬና ለበደሌ ከፍታ ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ይመረጣል። በዚህ ረገድ በወይን ላይ ምርምር ሲያካሂድ የቆየውን የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልን ማማከር ይገባል።

ምርቱ ለምን ይውላል?

በደንብ የተያዘ አንድ የጓሮ ተክል ሲጎለምስ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ሊሰጥ ይችላል። መጀመሪያ ለልጆቻችን አፍ ይዋል። ቀጥሎ በየከተማችን ገበያ በዘለላ ይሸጣል። ሦስተኛው ዘቢብ ነው። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን ዘቢብ ትጠቀማለች፤ ምእመናንም ለስለት ይገዛሉ። ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም እሸት ወይን አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ዘቢብ ይወጣዋል። የማኅበራችን የቡና ማድረቂያ አልጋዎች በየካቲት ባዶ ይሆናሉ። ታጥበው፣ ንጹሕ ሸራ ተነጥፎባቸው፣ ማታ ከጤዛ እየተሸፈኑ ለዚህ ሊያገለግሉ ይችላሉ። የቤተ ክርስቲያን አባቶችን ሥርዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ጠጅ መጣል ለሚያውቅ ቤት የወይን ጠጅ መጥመቅ አይከብድም። ለሽያጭ ግን ፈቃድና የጥራት ቁጥጥር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዛሬ ወይን ጠጅ የዩኒየኑ ዕቅድ ይሁን አልልም።

ከዩኒየኑ የሚጠበቅ

ከላይ የቀረበውን መነሻ በማድረግ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዩኒየኑ ችግኝ በብዛት ከመግዛቱ በፊት በሦስት ከፍታ፣ ማለትም በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ፣ በፈቃደኛ አባላት ጓሮ ጥቂት ጥቂት ተክል ተተክሎ ለሦስት የምርት ወቅት ይመዝገብ። የተገረዘበት ቀን፣ የተለቀመበት ቀን፣ የተመዘነው ኪሎና የታየው በሽታ ይጻፍ። ያኔ የምንናገረው ከራሳችን ጓሮ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው የእናት ተክል ከታወቀ ምንጭ፣ ንጹሕነቱ ተረጋግጦ ይምጣ። ፊሎክሴራ የተባለች ጥቃቅን ተባይ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓን ወይን ያወደመችው ከአሜሪካ በመጣ ተክል ተጉዛ ነው። እኛም የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን ከታየ ወዲህ ያደረሰብንን አንረሳም። ከነጋዴ ጀርባ ላይ የሚወርድ ችግኝ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም። ከእናት ተክሉ በኋላ ግን ሌላ ግዢ አያስፈልግም፤ የየዓመቱ ገረዛ ለጎረቤት የሚተርፍ ቁራጭ ይሰጣል። በነጻ መከፋፈል ደግሞ የኅብረት ሥራ ወጉ ነው።

ሦስተኛ፣ ለወይን ተብሎ የቡና መሬት እንዳይነቀል፣ ደንም እንዳይነካ መመሪያ ይሰጥ። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ቡና ከእነዘሩ የተገኘበትን ደን ለጥቂት ዘለላ የሚለውጥ ልጅ ከመካከላችን እንዳይወጣ።

የተከበራችሁ አባላት፣ በአጥራችሁ ላይ ቅጠል ብቻ ሆኖ የተሰቀለ ወይን ያላችሁ አትቁረጡት። መስቀል ሲያልፍ ደቦ ጥሩ፤ እኛንም የልማት ሠራተኞችን ጥሩን። መቀሳችንን ይዘን እንመጣለን።